ሁለተኛው ጃንጥላ፦ የሲስተር አምሳለች ይርሳው የሕይወት ታሪክ (1948–1981 ዓ.ም.)

ሲስተር አምሳለች ይርሳው ከአባታቸው ከመምህር ይርሳው ገብረ ኪዳንና ይህን ጽሑፍ ካዘጋጀችው እናታቸው ከሰብለ ወንጌል ማናዬ ጥቅምት 12 ቀን 1948 ዓ.ም. በቢቸና ከተማ ተወለዱ። ሲወለዱ እትብታቸው አንገታቸው ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር እናታቸው አይተርፉም ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር፤ እሳቸው ግን ተርፈው አለቀሱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እናታቸው ክፉ ክፉውን አስቀድማ ስታስብ፣ እሳቸው ደግሞ ሐሳቧን ሲያፈርሱባት ሠላሳ ሦስት ዓመት አብረው ኖሩ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳሉ አባታቸው በሳንባ ምች ታመሙ። በክሊኒኩ ሕክምና የሚሰጠው ድሬሰር አንድ ብቻ ነበር፤ በዚያው ሳምንት መድኃኒት ሊያመጣ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ገና አልተመለሰም ነበር። ሕፃኗ አምሳለች የተቆለፈውን በር ደጋግመው አንኳኩና ወደ ቤት ሲመለሱ እናታቸውን፣ «ሌላ ሰው የለም እንዴ?» ብለው ጠየቁ። መምህር ይርሳው በሦስተኛው ቀን አረፉ። ጥያቄው ግን እዚያው ቤት ውስጥ ቀረ።

ትምህርታቸውን በቢቸና እስከ አሥረኛ ክፍል በጥሩ ውጤት ተከታትለው በ1965 ዓ.ም. የጤና ረዳትነት ሥልጠና ገቡ፤ ሲጨርሱም እዚያው ቢቸና ክሊኒክ ተመደቡ። በዚያን ጊዜ ገና ልጅ እግር ስለነበሩ ብዙ ሰው አያምናቸውም ነበር። አንድ ሽማግሌ ለመርፌ ተራቸው ሲደርስ፣ «አንቺ ልጅ፣ እስቲ እናትሽን ጥሪልኝ» አሏቸው። «እናቴን ብጠራት አባባ፣ መርፌውን ስታይ ከእርስዎ ቀድማ ነው የምትወድቀው» ብለው እያሳቋቸው ወጓቸው። ሽማግሌው ከዚያ ወዲያ ከእሳቸው በቀር ማንም እንዲወጋቸው አልፈቀዱም።

በ1969 ዓ.ም. በነርስነት ዲፕሎማ ለመማር አዲስ አበባ ሄዱ። ያ ጊዜ ምን ጊዜ እንደነበር እዚህ ላለነው ወላጆች መናገር አያስፈልግም። እናታቸው በየማለዳው ሬዲዮ ከፍታ፣ በየማታው ሬዲዮ ዘግታ፣ ደብዳቤ የዘገየ ሳምንት እህል ሳትቀምስ ሁለት ዓመት ተኩል ቆየች። እሳቸው በየደብዳቤው መጨረሻ፣ «ደኅና ነኝ፤ በልቻለሁ፤ ካፖርቴን ለብሻለሁ» እያሉ ይጽፉላት ነበር። በ1971 ዓ.ም. መጨረሻ ሲስተር ተብለው ተመለሱና ሞጣ ጤና ጣቢያ ተመደቡ። እዚያም በ1973 ዓ.ም. ከመምህር ፋንታ አካለ ወልድ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ፤ በዓመቱም ልጃቸውን አመተ ሥላሴን ወለዱ።

በ1976 ዓ.ም. መጀመሪያ አንድ ሰርኩላር ደብዳቤ ከጤና ጥበቃ መጣ። አዲስ አበባ ያለው ዩኒቨርሲቲ በነርስነት ሙያ በዲግሪ የሚማሩ ሰዎችን በሁለት በኩል እንደሚቀበል ይገልጻል፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ነጥብ ያለፉ ወጣቶች ከመጀመሪያው ገብተው አራት ዓመት ሲማሩ፣ ዲፕሎማና የሥራ ልምድ ያላቸው ነርሶች ደግሞ በመሥሪያ ቤታቸው ድጋፍ ተወዳድረው ሁለት ዓመት ይማራሉ። ሲስተር አምሳለች ወረቀቱን በእጃቸው ገልብጠው ቢቸና ድረስ ይዘው መጡና ለእናታቸው አነበቡላት። እናታቸው የሰማችው ግን ያልተጻፈውን ነበር። ዲግሪ የያዘ ሰው ወደ ጦር ግንባር ሆስፒታል ይላካል ሲባል ሰምታለች። አባይ በረሃ አለ፤ አውቶቡስ ይገለበጣል። ሄደው የቀሩ የሰው ልጆችን ስም በልቧ ቆጠረች። ለማንም ሳትነግር ቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ ሄዳ፣ «ዘንድሮ ስሟ እንዳይወጣ አድርግልኝ፤ ጃንጥላ አስገባለሁ» ብላ ተሳለች።

በዚያ ዓመት ኮታው ሞላ ተባለ፤ ስማቸው አልወጣም።

ስለት ደርሶ ዝም አይባልም። ጥር 18 ቀን 1976 ዓ.ም. ለጊዮርጊስ በዓል ሲስተር አምሳለችም አመተ ሥላሴን አዝለው ከሞጣ መጥተው ነበር። እናታቸው ቀዩን ጃንጥላ ይዛ ወደ ፊት ስትወጣ ቄስ ወልደ ሰንበት እንደ ደንቡ፣ «የእኅታችን የሰብለ ወንጌል ስለት ነው። ምን ለምና ምን እንደተደረገላት ለሕዝቡ ትናገር» አሉ። በታቦት ፊት እንዴት ይዋሻል? «ልጄ ለዲግሪ ትምህርት እንዳታልፍ ለምኜ ነበር፤ ሳታልፍ ቀረች» አለች። የተጀመረው እልልታ መሐል ላይ ቆመ።

ጎረቤታችን ወይዘሮ በዛብሽ ብቻ ድምፃቸው ተሰማ። «ኧረ ሰብልዬ! እኛ ልጆቻችን እንዲያልፉ ስንቱን ሻማ እናነዳለን፣ አንቺ እንድትወድቅልሽ ትሳያለሽ?»

ሲስተር አምሳለች ፊታቸው ደም አልነበረውም። ሰው ሁሉ እሳቸውን ያይ ጀመር። እሳቸው ልጃቸውን እንዳዘሉ ወደ እናታቸው ሄዱ፤ ጃንጥላውን ከእጇ ተቀብለው ዘረጉትና፣ «ስለቷ ደርሷል እኮ! እልል በሉላት እንጂ» ብለው ራሳቸው ቀድመው እልል አሉ። ሕዝቡም ተከተለ። እልልታው ሲበርድ ወደ እናታቸው ጠጋ ብለው፣ «እማ፣ የተሳልሽው ግን ለዘንድሮ ነው። ለከርሞ አልተሳልሽም» አሏት። በአጠገባቸው የነበሩት ሁሉ ሳቁ፤ ቄስ ወልደ ሰንበት እንኳ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

ቤት ሲደርሱ ግን አልሳቁም። «አባዬ የሞተ ጊዜ ሌላ ሰው የለም እንዴ ብዬሽ ነበር» አሏት። «ዛሬም የለም። ሞጣ ላይ እኔ ብታመም በሩ ይቆለፋል። ዲግሪውን የምፈልገው ተምሬ ሌሎችን እንዳስተምር ነው።»

«ሄደሽ ብትቀሪብኝስ?»

«የዚያን ጊዜ ጊዮርጊስን ትከሺዋለሻ! የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የምትሠሪው ለምንድን ነው?»

እናታቸው አለቀሰችም፣ ሳቀችም። በማግስቱ ተመልሳ ደጁ ሄደችና ሁለተኛ ጃንጥላ ተሳለች፤ «ሄዳ በሰላም ትመለስልኝ» ብላ።

በ1977 ዓ.ም. መጨረሻ ስማቸው ወጣ። እናታቸው እስከ ደጀን ሸኘቻቸው፤ አውቶቡሱ ወደ በረሃው ሲወርድ አመተ ሥላሴን አቅፋ አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየች። ሕፃኗ ሁለቱን ዓመት ቢቸና ከአያቷ ጋር አሳለፈች። ሲስተር አምሳለች በሐምሌ 1979 ዓ.ም. በነርስነት በዲግሪ ተመርቀው፣ ሌላ ቦታ እንዲመደቡ ሲጠየቁ ሞጣን ለምነው ተመለሱ። በ1980 ዓ.ም. ጥር ወር ሁለተኛው ጃንጥላ ገባ። እናታቸው የተናገረችው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ሄዳ ተመልሳለች።» የዚያን ቀን እልልታው ቶሎ አልቆመም። በዚያው ዓመት ወንድ ልጃቸው ሣህለ ማርያም ተወለደ።

ሞጣ ከተመለሱ በኋላ የሠሩትን የሞጣ ሰው ከእኛ ይልቅ ያውቃል። ጠዋት በሽተኛ ካዩ በኋላ ከሰዓት ጤና ረዳቶችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። የዩኒቨርሲቲውንና የነርስ ትምህርት ቤቶችን ማስታወቂያ በየዓመቱ በእጃቸው እየገለበጡ አንዱን በጤና ጣቢያው ደጅ፣ አንዱን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ይለጥፋሉ። አንብቦ ያልገባው ካለ ቤታቸው ይሄዳል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች በየት በኩል እንደሚገቡ፣ በሥራ ላይ ላሉት ደግሞ የትኛው ደብዳቤ ከማን እንደሚጻፍ ያስረዷቸዋል። በካርድ ክፍል ትሠራ የነበረችው ይርጋነሽ፣ «እኔማ ዕድሜዬ አልፏል ሲስተር» ስትላቸው፣ «ካርድ ስትፈልጊ የምትቆሚውን ያህል ብታነቢ ኖሮ እስካሁን ሐኪም ነበርሽ» ብለው ማመልከቻዋን ራሳቸው ጻፉላት። ይርጋነሽ ዛሬ ጤና ረዳት ናት። ሁለት ጤና ረዳቶች ለዲፕሎማ ገብተዋል፤ አንዲት የሞጣ ልጅ ደግሞ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በቀጥታ ለዲግሪው አልፋለች። የልጅቱ እናት ቢቸና ድረስ መጥታ የሲስተርን እናት፣ «ልላካት ወይስ ልከልክላት?» ብላ ጠይቃት ነበር። «ስደጃት» አለቻት።

ዘንድሮ በጥር ወር በሞጣ ዙሪያ የማጅራት ገትር ወረርሽኝ ገባ። ሲስተር አምሳለች ሦስት ሳምንት ከገጠር ገጠር ሲዞሩ ቆይተው የካቲት 9 ቀን ትኩሳት ያዛቸው። ክትባቱ ሞጣ የደረሰው ዘግይቶ ነበር። እናታቸው መልእክት ደርሷት ስትገሠግሥ ያሰበችው የተቆለፈ በር ነበር። በሩ ግን ክፍት ነበር። ይርጋነሽና ያስተማሯቸው ጤና ረዳቶች ተራ ገብተው አንዱ ሲነሣ አንዱ እየተቀመጠ ለአንድ ሰዓት እንኳ ብቻቸውን አልተዉአቸውም። እሳቸውም ዓይናቸውን ገልጠው እናታቸውን ባዩ ጊዜ፣ «አየሽ እማ፣ ሌላ ሰው አለ» አሏት። የካቲት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. ከቀኑ በስድስት ሰዓት በተወለዱ በሠላሳ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

እናታቸው አባይን ፈርታ፣ አዲስ አበባን ፈርታ፣ ጦር ግንባርን ፈርታ ተስላ ነበር። ሞጣን ግን አልፈራችም ነበር፤ ሞጣ ቅርብ ናት ብላ።

ሲስተር አምሳለች ባለቤታቸውን መምህር ፋንታ አካለ ወልድን፣ ልጆቻቸውን አመተ ሥላሴንና ሣህለ ማርያምን፣ እናታቸውን እንዲሁም በሞጣ በሩን ከፍተው የሚጠብቁትን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። ከሞጣ በእግርና በመኪና ለመጣችሁ፣ አስከሬናቸውንም ለተሸከማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን።

ዛሬ ከአስከሬናቸው በላይ የተዘረጋው ጃንጥላ ሁለተኛው ነው። እናታቸው ካህናቱን ለይታ የለመነችው እሱን ነው፤ ሄደው የተመለሱበት ነውና። አምላከ ጊዮርጊስ ይህንንም መንገድ በሰላም ያድርሳቸው፤ በዚያም ደጁ ተከፍቶ፣ የሚቀበላቸው ሰው ቆሞ ይጠብቃቸው። አሜን።