ከከሰሉ ጉድጓድ በታች የተቀዳው ውሃ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለቦጋለ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ወባው ለቀቀህ ወይስ እንደ ቤተ ዘመድ ተደላድሎ ተቀምጧል? ባለቤትህ ሳቢትስ ደህና ናት? ትንሿ አጸደ ስምንት ወር ሞላት፤ ጥርስ አወጣች? አማትህ እማማ የሺሀረግስ ብርዱን እንዴት ያዙት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም። ጉለሌም እንደምታውቃት ናት፤ ከአዲሱ ገበያ አውቶቡስ ለመሳፈር ክርን ማሾል ያስፈልጋል። ጎረቤታችን ውባለም ለሦስተኛ ጊዜ ታጨች፤ ዝርዝሩን ስትመጣ በቃል እነግርሃለሁ፣ ለወረቀት አይሆንም።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሦስቱ ጠርሙሶች ማክሰኞ ቤተ ሙከራችን ደረሱ። አንደኛው አንተ ከምትጠብቀው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ በላይ ካለው ምንጭ፣ ሁለተኛው ከጉድጓዱ አፍ፣ ሦስተኛው ከበታቹ ካለው ወንዝ የተቀዳ ነው። በየወሩ የምከፍታቸው እኔ ነኝ፤ ሦስተኛው ሁልጊዜ የዛገ ብረት የታጠበበት ይመስላል። በዚህ ወር ግን ጉድ አየሁ! ኩልል ብሎ መጣ። አለቃችን አቶ ሙሐዲን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩትና «ምነው፣ ከሰሉ ገላውን ታጥቦ ጨረሰ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ሪፖርት የሚጽፈው ጓድ ጌጡ ደግሞ «እንግዲያው ጠርቷል ብዬ ልጻፋ፤ ዓርብ መላክ አለበት» ብሎ ብዕሩን አነሳ።

እኔ ግን አንዴ ነገር ከከነከነኝ እንቅልፍ የለኝም፤ የአባባን ሬዲዮ ፈትቼ የተገረፍኩት እኔ አይደለሁ? ያቺን ቀለም የምትቀይር ወረቀት ነከርኩባት። ሰማያዊ ገብታ ቀይ ሆና ወጣች። ለዓይን ንጹሕ የሆነው ውሃ እንደ ወትሮው ኮምጣጣ ነው! ጠርሙሱን ሳዘነብለው ከሥሩ አንዲት ክር ተነሳች። በወረንጦ አወጣኋት፤ የጥጥ ክር ናት፣ የዝገት ቀለም ጠጥታለች። ያኔ ደብዳቤህ ትዝ አለኝ። ወባ ስለጣለህ ጠርሙሶቹን የሞላቻቸው ሳቢት ናት ብለኸኝ ነበር።

ብቻዬን ሳቅሁ። ለካ ሳቢት ለአዲስ አበባ ሰው የደፈረሰ ውሃ መላክ ነውር ሆኖባት በነጠላዋ አጥልላዋለች! አቶ ሙሐዲን ሲሰሙ «እንዴት ያለች ጨዋ ሴት ናት! በጨዋነቷ ለውሃው በሐሰት መሰከረችለት» አሉ። ጌጡም ክሯን አየና ብዕሩን ከደነ። ትክክለኛው ጠርሙስ እስኪመጣ ሪፖርቱ አይፈረምም ተብሏል።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ለእኛ እንዲህ የተጨነቀች ሴት ለቤቷስ? ወንዙ ደጃችሁ ነው፤ ምንጩ ዳገት ነው። አጥልላ፣ ጠራ ብላ፣ አጸደን ከዚያው ታጠጣት ይሆን? ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ጨርቅ ድፍርሱን ይይዛል እንጂ ውሃው ውስጥ የሟሟውን መርዝ አያስቀረውም፤ ብታፈሉትም አይለቅም። ለመሆኑ ላሞቹ ከወንዙ ይጠጣሉ ወይስ አሽትተው ይመለሳሉ? ድንጋዮቹ ቀይ የሆኑትስ እስከ የት ድረስ ነው? በእግርህ ለካና ንገረኝ፤ ሁሉንም ማወቅ አምሮኛል።

አዲስ ጠርሙሶች ከዚህ ደብዳቤ ጋር ጠርሙሶቹን በሚያመላልሰው መኪና ልኬልሃለሁ። ሦስተኛውን ከነድፍርሱ ቅዳው፤ የሚያፍር ካለ ወንዙ ይፈር። የቤታችሁን ውሃ ግን ከዛሬ ጀምሮ ከላይኛው ምንጭ አድርጉት። ሳቢት ልጅ አዝላ ያንን ዳገት አትወጣም፤ አንተ ውጣ። ወንድ ውሃ አይቀዳም የሚልህ ካለ፣ እህቴ ናት ያዘዘችኝ በለው። ወባው ካልለቀቀህም ለጎረቤት ከመንገር አትፈር።

ሳቢትን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ፤ አደራ እንዳትቆጣት፣ ያደረገችው በክብር ነው። የእማማ የሺሀረግን ጉልበት ሳምልኝ፤ ነገሩን ቀስ ብለህ አስረዳቸው፣ ከቤት ሰው ማን ምን እንደሚጠጣ ከእርሳቸው የተሻለ የሚያይ የለም። አጸደን ደግሞ መጀመሪያ የምንጩን ውሃ አጠጣትና ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ።

እህትህ ደሳለች

ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.