በአንድ ዓይን የሣልከኝ

ጌትዬ፣ የትዳሬ ጌጥ፣

ነፍስህን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፋት። ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገባ። በሰው ፊት አንቱ፣ ለብቻችን ስንሆን አንተ እልህ ነበር፤ ዛሬም ብቻዬን ነኝና አንተ ልበልህ።

ቤታችን ደህና ነው። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስለወጥኩት። ዛሬ ነገ እያልክ ከሥሩ ባልዲ እያስደቀንክ ያኖርከን ጣራ በግማሽ ቀን አለቀ፤ ብታይ ታፍር ነበር። ቡርሾችህ ግን እዚያው ጣሳቸው ውስጥ ናቸው። ላነሳቸው እጄን እዘረጋና እተዋቸዋለሁ።

ትልቁ ወሬ ሌላ ነው። ልጃችን ትዕግሥት ከደብረ ብርሃን መጥታ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሥራ በተረፈህ ቀለም የሣልካቸውን የከተማችንን የመሐል ሜዳን ሴቶች ሁሉ ከቆጥ አወረደቻቸው። ግድግዳው ላይ እንስቀላቸውና ሰፈሩ መጥቶ ይያቸው አለችኝ። እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ግን የራሴን ሳላይ ነበር።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሁሉንም ሴት ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ሥለሃል። ስንት ጊዜ የተጣላሃትን ጠላ ሻጯን በላይነሽን እንኳ እንደ ጻድቃን ዓይኗን አብርተህ። እኔን ሚስትህን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን! ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ይሁዳና ሰይጣን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ለዚህ ሰፈር ያስተማርከው አንተው ነህ፤ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ምን በድዬው ነው ብዬ አለቀስኩ። እንዳልጠይቅህ የለህም። ዕድሜዬን አብሬህ ኖሬ፣ በልብህ ምን እንደነበርኩ ሳላውቅ መቅረቴ አንጀቴን አቃጠለው። እናም ሰው በሚመጣበት እሑድ ሥዕሌን አልጋ ሥር ደበቅኩት።

ሴቶቹ የክት ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። አንዷ ራሷን አይታ አፏን ያዘች፤ ሌላዋ አፍንጫዬን አስረዘመብኝ ብላ ልትቆጣ ጀምራ ሳቋ አመለጣት። በላይነሽ ዕንባዋን እየጠረገች ነፍስህን ይማር አለች። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ግን አመሏን ታውቀዋለህ፤ የባለቤቲቱስ የታለ ብላ ቤቱን አመሰችው። ትዕግሥት ጭንቀቴን ሳታውቅ ፈልጋ አወጣችው።

ሴቶቹ አንድ ዓይኔን ብቻ አይተው ተጠቃቀሱ። በሥዕሉ ላይ የበግ ፀጉር እየፈተልኩ ነው፤ ዓይኔ እንዝርቱ ላይ፣ ሻሼ ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። እትዬ አስካለ ቀረብ አለችና፣ ጆሮዋ ሥር ቀለም ጠብ ብሎበታል ብላ በነጠላዋ ጫፍ ልትጠርገው ሞከረች። አልለቅ አላት። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ፤ ሳታስፈቅደኝ ሻሼን ገለጠችና እልልታዋን አቀለጠችው። ማርያም ስማታለች፣ ይኸው እዚሁ ጆሮዋ ሥር አለ እያለች ለሁሉም አሳየች።

እኔ እኮ አላውቀውም ነበር፣ ጌትዬ። እናቴ አልነገረችኝም፤ ሹሩባ የሚሠሩኝም ልብ አላሉትም፤ መስታወትም እዚያ አያደርሰኝም። ሌሎቹ ሴቶች ቁጭ በሉ ስትላቸው ቁጭ ብለው፣ አንተን እያዩ ተሣሉ። እኔ ደጃፍ ላይ ስፈትል አንተ ከጎኔ ዝም ብለህ ስትቀመጥ፣ ወደ ጓሳ ተራራ አሻግረህ የምታይ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔን ነበር የምታየው።

አሁን ሥዕሌ ከሁሉም መሐል ተሰቅሏል። ለምን በአንድ ዓይን የሚል ከመጣ እትዬ አስካለ ከእኔ ቀድማ ትመልስለታለች። ምስጢራችንን አገር ሰማው፤ እኔም እንደ ሙሽራ አፍራለሁ።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ መሐላ ምን ያደርጋል። ሻሼን በፈታሁ ቁጥር ያችን ቦታ በጣቴ እዳስሳታለሁ። እኔ ላያት አልችልም። አንተ አይተህልኛል።

ያንተው እማዋይሽ