የቦቂት ግንባር

ጥቅምት 4
ዛሬም ከትምህርት ቤት ልጆች መጡ። መጽሐፋቸውን ይዘው፣ «እውነተኛዋ ቦቂት ይቺ ናት?» እያሉ። አባዬ የመጽሐፉን ተረቶች የጻፈው ስለ እሷ ነው... ጥቁር ፍየል፣ ግንባሯ ነጭ። አንዱ ጆሮዋ ሥር ተጠግቶ ሰላም አላት። መልስ ሲጠብቅ ኮፍያውን በላችበት።

ጥቅምት 9
ቦቂት ሞተች። ጠዋት ደርቃ አገኘኋት። አባዬ ገና አልተነሳም። ሐኪሙ ልቡ ድንጋጤ አይችልም ብሎኛል። እንዴት ብዬ ልንገረው? እናቴ ካለፈች ወዲህ ከቦቂትና ከእኔ ሌላ ማን አለው?
ጓሮ ቀበርኳት። እጄ ተላልጧል።

ጥቅምት 10
ጥቁር ፍየል ገዛሁ። ከምሠራበት ፀጉር ቤት ለደንበኞች የምንጠቀምበትን የፀጉር ማንጫ አምጥቼ ግንባሯን ለቀለቅኩት። ዝም ብላ ተቀመጠችልኝ፤ ከብዙ ደንበኞቼ ትሻላለች። የአባዬን ዓይን ሞራ ጋርዶታል፤ ዳሰሳትና «ከሳሽ እንዴ?» አላት። ተመስገን...

ኅዳር 21
ስድስት ሳምንት ሆነ። ፀጉር ሲያድግ ሥሩ ጥቁር ሆኖ ብቅ ማለት ነበረበት። ሙያዬ ነው፣ በዚህ አልሳሳትም። ገለጥ አድርጌ አየሁ። እስከ ቆዳዋ ነጭ።

ኅዳር 25
አባዬ ብርቱካን ሲልጥ አገጯን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ ልጣጩን ጠበቀች። ልክ እንደ ሟቿ። ማን አስተማራት?
ፈራሁ። ፍየል ፈራሁ ተብሎ ለማን ይወራል?

ታኅሣሥ 2
አባዬ አጠገቡ አስቀመጠኝና «ይቺ ስንተኛዋ ናት?» አለኝ።
ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ሳቀ። የመጀመሪያዋ የሞተችው እኔ ስምንት ዓመቴ ሳለ ነው አለ። እንዳላለቅስ ብለው እሱና እናቴ ሌላ ገዙ፤ ግንባሯን በኖራ ቀቡ። ታማ ሐኪም ጋ ሰንብታ ዳነች አሉኝ። አስታውሳለሁ... አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ነበር።
«ኖራው ሲለቅ ምን አደረጋችሁ?»
«አልለቀቀም፣ ልጄ። እናትሽ ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ጓሮ አትወጣም ነበር።»
ለእኔ ያደረገውን ሳላውቅ ለእሱ ደገምኩለት። አቅፌው አለቀስኩ። ያኔ ያላለቀስኩትን ጭምር።
«የት ቀበራችኋት?» አልኩት።
«አጥሩ ጥግ። በርሜሉ ያለበት ቦታ።»
እኔም ቦቂትን ስቀብር በርሜሉን ገፍቼ የቆፈርኩት እዚያው ነው። እስከ ወገቤ ድረስ። አንዲት አጥንት አላገኘሁም።
አልነገርኩትም።