«ተኝታለች» ስለ ማን ነው?

ማርች 3፣ ሰኞ

ክሊኒኩ ሞልቶ ዋለ። የፓርክላንድስ ሰው ጥርሱን የሚያመው ሰኞ ሰኞ ነው መሰለኝ። ሦስት መንቀል፣ አንድ የሚያለቅሱ ሽማግሌ፣ አንድ የማያለቅስ ሕፃን። ስልክ አነሳለሁ፣ ካርድ አወጣለሁ፣ «ፖሌ፣ ዶክተሩ አሁን ይጠራዎታል» እላለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሰው ሲያመው ፖሌ፣ አይዞህ ማለት።

ከሰዓት በኋላ አኪኒ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው። አብራኝ እንግዳ መቀበያው ላይ የምትሠራዋ ኬንያዊት፤ ለሮክ ሙዚቃ ሟች ናት። «ስሚ ይሄን፣ የዚሁ የናይሮቢ ልጆች ናቸው» አለች። መጀመሪያ ጊታር። ከዚያ ድምፅ።

ሕዝቅያስ። ወንድሜ።

ዘጠኝ ወር ከአሥራ ሦስት ቀን ያልሰማሁት ድምፅ። ውስጥ የጥርስ መቦርቦሪያው እየጮኸ፣ እሱ ከላይ እየዘፈነ... ቀጠሮ ደብተሩ ላይ አጎንብሼ የማይነበብ ነገር ጻፍኩ።

ማርች 4

ዩቲዩብ ላይ አገኘሁት። «ተኝታለች» ይባላል። እንግሊዝኛ ነው። ወደኛ ስመልሰው ይህን ይላል፦

ተኝታለች አሉኝ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዘፈንኩላት
አሥራ አንድ ምሽት ከበሩ ውጭ ዘፈንኩላት
ቁልፉን የያዘው ሰው ዝም አለ
እኔም ዝም አልኩ

በቃ። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ይደጋግመዋል። ከዚያ ጊታሩ ብቻውን ይቀራል።

ከሥሩ አራት መቶ አስተያየት። እንደ ሞኝ ሁሉንም አነበብኩ። አንዱ «ፍቅረኛው ሌላ አግብታ ነው፣ ቁልፉን የያዘው ባሏ ነው» ይላል። ሌላው «እሷ ማለት ኬንያ ናት፣ ቁልፉን የያዘው መንግሥት ነው» ይላል፤ ለዚህኛው ዘጠኝ መቶ ሰው ላይክ ሰጥቷል። አንዷ «ዕፅ ወስዳ ሆስፒታል የተኛች ልጅ ናት፣ እኔም እንዲህ ያለች ጓደኛ ነበረችኝ» ብላ ረጅም ታሪክ ጽፋለች። ይሰዳደባሉ ደግሞ። አሥራ አንዱንም ተንትነውታል፤ ከአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ይሁዳ ሲቀነስ ነው ብሎ የጻፈ አለ።

አሥራ አንዱን እኔ አውቀዋለሁ።

ማርች 9፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ወጣቶቹ ግቢው ውስጥ ክብ ሠርተው ስለ ዘፈኑ ይከራከራሉ። ሕዝቅያስ እዚሁ ያደገ ልጅ አይደል፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጅ። «ብሮ፣ እሷ ማለት ቸርች ናት፤ ተኝታለች እያለ ነው» ይላል አንዱ። «ኖ፣ እምነቱ ናት» ትላለች ሌላዋ።

ጋሽ ሐብታሙ፣ የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ፣ ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ማዕዶት ልጄ፣ አባቱን ነው እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ።»

«ቁልፉን የያዘው ሰው የሚለው... አባታችሁን መሰለኝ። ልጁ ቂም ይዟል። ጸልዪ እስቲ።»

እሺ እጸልያለሁ አልኩ።

ማርች 10

«እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩ። እዚያ ግቢ ውስጥ ቆሜ።

ማርች 15፣ ቅዳሜ

ጽፌው አላውቅም። ልጻፈው። የሚያነበው የለ።

አባዬና እማዬ ሐዋሳ ከተመለሱ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። እኔና ሕዝቅያስ እዚህ። አምና ሜይ 6፣ ሰኞ ጠዋት አባዬ ደወለ። እማዬ አርፋለች አለኝ። ልብ ነው። ወዲያው እንዲህ አለኝ፦ «ለልጁ ዛሬውኑ ንገሪው። ቀብሩን እስከ ረቡዕ አቆየዋለሁ። ልጄ እናቱን ይቅበር።» የእኔ ፓስፖርት ለእድሳት ገብቶ ነበር፤ መሄድ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

ሕዝቅያስ ኪሱሙ ነበር። ከባንዱ ጋር የመጀመሪያ ጉዞው፤ አሥራ አንድ ቀን፣ አሥራ አንድ ምሽት። ደወልኩለት። አነሳና፦ «ሲስ! ሰው ሞልቷል፣ ብታዪ! ማሚ እንዴት ናት?»

ተኝታለች አልኩት።

መንገድ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም፣ ሲመለስ ሰው ተሰብስቦ በጠዋት ይረዳል... ለራሴ እንዲህ አልኩ። እውነትም ወጋችን ነው። ግን እኔን ያስቆመኝ ወጉ ነው? ድምፁ ነው። እንደዚያ ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም። ፈራሁ። ለአባዬ «ስልኩ አይሠራም፣ ላገኘው አልቻልኩም» አልኩ። ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ሲመለስ እናረዳዋለን» አልኩ። እነሱማ ይህን ነገር ያውቁበታል። ፌስቡክ ላይ አንድ ሰው እንኳ ነፍስ ይማር አላለም። ቤቴ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ እሱ በደወለ ቁጥር ደረጃው ላይ ወጥቼ «ደህና ናት፣ ተኝታለች»።

በተመለሰ ማግስት፣ ሜይ 18፣ ገና ሳይነጋ ጋሽ ሐብታሙ ከአራት ሰው ጋር መጥተው አረዱት። አልጮኸም። «መቼ?» አለ። ነገሩት። ዙሪያውን ተመለከተን። «ማነው አትንገሩት ያለው?»

ሁሉም እኔን አዩ።

«አባዬ» አልኩ።

አንድ ቃል። ጊታሩን ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የአባዬን ስልክ አንስቶ አያውቅም። የእኔንም። አባዬ ልጁ ለምን እንደጨከነበት አያውቅም።

ማርች 22፣ ቅዳሜ

ሉሊት ቀጠረችኝ፤ የሕዝቅያስ የድሮ ፍቅረኛ። ኪሊማኒ፣ ወይዘሮ ሙሉመቤት ምግብ ቤት። ጥብስ ታዘዘ፣ አንዳችንም አልነካነውም።

«እትዬ ማዕዶት፣ ዘፈኑ ስለኔ ነው» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ሊለያዩ አካባቢ ስልኩን አላነሳ እያለች፣ ሲጠይቃት «ተኝቼ ነበር» ትለው ነበር። «አሥራ አንድ ጊዜ ደውሎልኛል አንድ ቀን። ስክሪንሾት አለኝ!»

አሳየችኝ። እውነትም አሥራ አንድ።

ውሰጂው፣ ያንቺው ይሁን ልላት ፈለግኩ። ምን አለበት? ከእኔ ይሻላታል። ዓይኗን በሶፍት ጠርጌ «ወንድሜ እንዲህ በቀላሉ የሚቀየም ልጅ አይደለም» አልኳት። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ አቡዘር የሚባል ጓደኛው ጋ እንደሚኖር ከእሷ ሰማሁ።

ኤፕሪል 2፣ ረቡዕ

አባዬ ከሐዋሳ ደወለ። የጎረቤት ልጅ ዘፈኑን አሰምቶታል። በግማሽም ቢሆን ተርጉሞለታል።

«ቁልፉን የያዘው እኔ ነኝ አይደል?»

«ኧረ አባዬ፣ ሰው ሁሉ የየራሱን ነው የሚለው፤ ስለ አገር ነው የሚሉም...»

«እኔ ነኝ። ቀብሩን አንድ ቀን ጨምሬ ባቆየው ስልኩ ይሠራ ነበር። ቸኮልኩ። ሰው ሁሉ እንቅበር እንቅበር ሲለኝ... ልጄ እውነቱን ነው።»

ለሙት ዓመቷ ናይሮቢ ይመጣል። «ባያናግረኝም ከሩቅ አየዋለሁ» አለ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው አባቴ። ስልኩን ዘግቼ የክሊኒኩ ሽንት ቤት ገባሁ፤ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። አኪኒ በሩን አንኳኳች። «ጥርሴን አሞኝ ነው» አልኳት። የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ።

ኤፕሪል 3

«ልጄ እውነቱን ነው» አለ። ቀኑን ሙሉ ይኼው ነው ጆሮዬ ላይ።

ኤፕሪል 12፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ከማታቱ ወርጄ በሩን ሁለት ጊዜ አለፍኩት። አቡዘር ከፈተልኝ፤ ባንዱ ውስጥ ድራም የሚመታው ልጅ። ደነገጠ። «ካሪቡ፣ ግቢ ሲስ» አለና ጫማውን አጥልቆ ከቤቱ ወጣ፣ ጨዋ ልጅ።

ሕዝቅያስ በረንዳ ላይ የጊታር ክር ይቀይራል። ከስቷል። ጺም አብቅሏል፤ አልሆነለትም። ቀና ብሎ አየኝና ወደ ክሩ ተመለሰ።

ከተቀመጥኩ እንደማልናገር አውቄ ቆሜ ተናገርኩ። አባዬ አይደለም። ዛሬውኑ ንገሪው ነው ያለኝ። ቀብሩን አቆይቶልህ ነበር። የደበቅኩህ እኔ ነኝ፤ አባዬ ያልኩህም እኔ ነኝ። ዘፈኑ ስለ እኔ ነው፣ እሱ ላይ አታድርገው...

ክሩን ማጥበቅ ተወ።

«ስላንቺ አይደለም» አለ።

«ስለ አባዬማ...»

«ስለ አባዬም አይደለም። አውቅ ነበር፣ ማዕዶት። አይ ኒው።»

አልገባኝም።

«ሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ። ስደውልልሽ ከኋላሽ መዝሙር ይሰማል። ብዙ ሰው። ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት ቤት ውስጥ ያን መዝሙር ማን ይዘምራል? የለቅሶ ነው፣ አውቀዋለሁ። ምንድነው አልኩሽ።»

«ጸሎት አለ አልኩህ።»

«ጸሎት አለ አልሽኝ። ቢሊቭ አላደረግኩሽም። እሺ አልኩ ግን። አጥብቄ ብጠይቅሽ ትነግሪኛለሽ፤ ከነገርሽኝ ደግሞ ሾው የለም፣ ቱር የለም። እዚያ ሰው ስሜን እየጠራ ነው... ስለዚህ አልጠየቅኩም። ዘጠኝ ምሽት ዘፈንኩ። ማሚ እንደሞተች እያወቅኩ። በየቀኑ እየደወልኩ እንዴት ናት እልሻለሁ፣ አንቺ ተኝታለች ትይኛለሽ።»

በቀብሩ ሰዓት ነበር የደወለው። ሐዋሳ አፈር ሲያለብሷት እኛ እዚህ ስንዘምር። አንዱም አስተያየት ሰጪ፣ እኔም ራሴ፣ «እኔም ዝም አልኩ» የሚለውን የመጨረሻ መስመር ልብ አላልነውም። ሁላችን ቁልፉ ላይ ስንጨቃጨቅ።

እጁን ልይዘው ስል አሸሸው።

«አሥራ አንዱ ቀን የእኔም ነው» አለ። «አባዬን ዓመት ሙሉ የጠላሁት ግን... እሱ ያንቺ ነው። እኔ ነኝ ከማለት እሱ ላይ አላክኬ ተገላገልኩ፣ ገባሽ? ምክንያት ሰጠሽኝ። አሁን ሂጂ። ፕሊስ።»

ሄድኩ። አቡዘር ደረጃው ሥር ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ነበር። የማታቱ መሳፈሪያው ድረስ ሸኘኝ። አንድም ነገር አልጠየቀኝም።

ኤፕሪል 14

ለአባዬ ደውሎለታል! አባዬ እያለቀሰ ነገረኝ። አንድ ሰዓት አውርተዋል። ስለ እኔ ግን ምንም አላለውም። ማታ አጭር መልእክት ላከልኝ፦ «ያንቺን አንቺ ንገሪው።»

ኤፕሪል 20፣ ፋሲካ

ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስኩ ለአባዬ ነገርኩት። ሁሉንም። ስልኩ ይሠራ እንደነበር።

የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«ምሳ በላሽ?» አለኝ።

«አልበላሁም።»

«ብዪ» ብሎ ዘጋው።

ኤፕሪል 27

አባዬ ሳምንቱን ሙሉ አልደወለም። ቢሰድበኝ ምን አለበት።

ሜይ 4፣ እሑድ

ኤርፖርት የተቀበለው ሕዝቅያስ ነው። እኔ ቤት አመጣውና ሻንጣውን በር ላይ አስቀምጦ ተመለሰ። አባዬ አርጅቷል። ሳመኝ፤ ቶሎ ለቀቀኝ። የተነጠፈለትን አልጋ አይቶ «ይመችሽ» አለ፣ እንደ ሰው ቤት እንግዳ።

ሜይ 6፣ ማክሰኞ

ዓመቷ።

ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሃያ ሰው መጣ። ጋሽ ሐብታሙ ቃል አነበቡ፣ ተጸለየ። ሕዝቅያስ አባዬ ጎን ተቀመጠ። ማስተናገድ ማስተናገድ እያልኩ ቁጭ አላልኩም።

አባዬ ድንገት «ያን ዘፈን አሰማኝ» አለው። የጸሎት ቤት ሰው ፊት! ጋሽ ሐብታሙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ግን ማን ይከለክለዋል? ሕዝቅያስ ጊታሩን አነሳ፤ በቀስታ፣ ያለዚያ ሁሉ ጩኸት።

«ማዕዶት፣ አንቺ ተርጉሚልኝ» አለ አባዬ።

በእጄ ትሪ እንደያዝኩ ተረጎምኩ። ተኝታለች አሉኝ። አሥራ አንድ ምሽት። ቁልፉን የያዘው ሰው ጋ ስደርስ ቆምኩ። ሃያ ሰው እያየኝ ነው። «ዘፋኙ እኔን አይደለም ይላል» አልኩ፣ «ግን እኔ ነኝ። አባዬ ንገሪው ብሎኝ ነበር። ስጠየቅም አባዬ ነው ብዬ ዋሸሁ።» አንዲት ሴትዮ «ውይ» አለች። ጋሽ ሐብታሙ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ዘጉ። ከዚያ የመጨረሻውን መስመር ተረጎምኩ፦ «እኔም ዝም አልኩ»። ሕዝቅያስ ጊታሩ ላይ እንዳቀረቀረ ነው።

አንዱ ወጣት ነገር ለማብረድ ነው መሰለኝ «ጋሼ፣ ይህ ዘፈን እኮ ብዙ ትርጉም ነው ያለው፣ ሰው በጣም ይከራከራል...» ጀመረ።

«ምኑ ያከራክራል?» አለ አባዬ። «እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው።»

ያኔ ሕዝቅያስ አለቀሰ። ዓመት የዘገየ ለቅሶ። እንደ ሕፃን፣ አፉን ከፍቶ። አባዬ አንገቱን አቅፎ፣ እኔ ትሪውን መሬት አስቀምጬ እዚያው ወለሉ ላይ... ሦስታችን እማዬን ገና አሁን አለቀስናት። ግን ሁለቱ ሶፋው ላይ፣ እኔ ወለሉ ላይ። ማንም ነይ አላለኝም። እኔም አልሄድኩም።

ሰው ተበትኖ ሕዝቅያስ ሊወጣ ሲል፣ በሩ ላይ ጫማውን እያሰረ፣ ማንንም ሳያይ «ነገ እደውላለሁ» አለ።

አባዬ «ላንቺ ነው ያለው» ይላል። እኔ ለእሱ ነው ባይ ነኝ። ተከራከርን እንኳ ትንሽ፤ ከፋሲካ ወዲህ ከአባዬ ጋር ረጅሙ ወሬያችን ይኼ ነው። ለማንኛውም ስልኬን ቻርጅ ላይ ሰክቼዋለሁ።