ለልጄ የሰው ድምፅ ላዋሱልን ለክቡር ርእሰ መምህር

ክቡር አባ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለመላ ሰውነትዎ፣ ይልቁንም ባለፈው የምሥጋና ቀን አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ መዘምራኑን በሙሉ ላስነሣው ቀኝ እጅዎ፣ የማይጓደል ጤና እየተመኘሁ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ከትምህርት ቤትዎ በር ፊት ለፊት ያለችው ፀጉር ቤት ባለቤት ነኝ። ልጄ እርስዎ ዘንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ስሟን የማልጠቅሰው እንዳልጠቅስ ስላስማለችኝ ሲሆን፣ የራሴንም የተውኩት የእኔ ከተነገረ የእሷ መታወቁ ስለማይቀር ነው። እርስዎ ግን ማን እንደሆንን ለመለየት እንደማይቸገሩ እርግጠኛ ነኝ። ምናልባት ለጊዜው ከዘነጉን፣ ሲናገሩ የሚንተባተቡትን የደረጃ ተማሪዎችዎን በጣትዎ ቢቆጥሩ አንድ ላይ ያቆማሉ።

ይህን በአደባባይ የምጽፈው ደፋር ሆኜ ሳይሆን፣ ቢሮዎ ስመላለስ ከርሜ ጸሐፊዎ ሁልጊዜ «አባ ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለምትለኝ ነው። አንድ ቀን ስብሰባው ስለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ ጨዋ ልጅ ናትና ሳትደብቅ፣ ስለ ምረቃው በዓል ድንኳን ቀለም መሆኑን ነገረችኝ። የድንኳን ቀለም ያለ ርእሰ መምህር ሊወሰን የማይችል ከባድ ጉዳይ መሆኑን ስለምረዳ አልተቀየምኩም፤ ጋዜጣ ግን ስብሰባ መሃልም ይነበባል ብዬ ወደዚህ መጣሁ።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት፣ ትምህርት ቤትዎ የተማሪዎቹን ስኬት በማክበር ረገድ ወደር እንደሌለው ልመስክር። ከፀጉር ቤቴ መስኮት ሆኜ በበሩ ላይ የሚሰቀሉትን ባነሮች አያለሁ፤ አንዱ ሳይወርድ ሌላው ይሰቀላል። የእግር ኳስ ቡድናችሁ ሦስት ትምህርት ቤቶች በተወዳደሩበት ውድድር ሦስተኛ በወጣ ጊዜ ደወል ተደውሎ፣ ተማሪው ተሰልፎ፣ ድሉ በንግግር ተበስሯል። የአትክልት ክበቡ ሲሸለም በተነሣው ፎቶ ላይ መሃል ቆመው የውኃ ማጠጫውን የያዙት እርስዎ ነዎት። በድርሰት ውድድር አንደኛ የወጣውን ልጅ ደግሞ ከትከሻዎ ጀርባ ብቅ ባለች ጆሮው ነው ያወቅነው፤ እናቱ ያቺ ጆሮ የማን እንደሆነች ስትነግረኝ እኔም አረጋገጥኩላት፤ ፀጉሩን የማስተካክለው እኔ ነኝና። እንግዲህ ይህን የመሰለ ደስታ የማይሰስት ቤት ልጄን እንዴት አድርጎ እንዳከበራት በተራ በተራ ለመዘርዘር ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፤ ትምህርት ቤቱ ከተመሠረተ ጀምሮ ባለው ልማድ መሠረት፣ በምሥጋና ቀን ቅዳሴ ላይ የመጀመሪያውን ንባብ የሚያነበው ከተማሪዎች ሁሉ አንደኛ የወጣው ነው። ልማዱ ስለ ድምፅ ማማር አንዲት ቃል አይልም። ዘንድሮ አንደኛ የወጣችው ልጄ ናት፤ በዚያ ሰሞን ፀጉሩን ሊቆረጥ የገባ ሁሉ፣ ፈለገም አልፈለገ፣ ይህን ዜና ሳይሰማ አልወጣም። ልጄ ስትናገር ትንተባተባለች። ሰፈሩ ይህን ያውቃል፤ ስኳር ልትገዛ ስትሄድ ባለሱቁ ማንኪያውን እንደያዘ ይጠብቃታል፣ እሷም ትጨርሳለች፣ ስኳሩም ይመጣል። በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ የተጎዳ ሰው አላየሁም። እርስዎ ግን ጳጳሱና የቀድሞ ተማሪዎች በሚገኙበት ቅዳሴ ላይ «ልጅቷ እንዳትሸማቀቅ» ብለው ተጨነቁላት። ስለ ጭንቀትዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ እሷ ራሷ መጨነቅ አለመጨነቋን ለመጠየቅ ግን ጊዜ ሳያጥርዎት አልቀረም።

ሁለተኛ፤ ለጭንቀትዎ ያገኙለት መፍትሔ እንዲህ ባለ ቤት ብቻ ሊታሰብ የሚችል ነው። ሁለተኛ የወጣችውን፣ የልጄን የልብ ጓደኛ፣ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አስጠርተው፣ በስፖርት ፍራሾች መሃል አስቁመው ንባቡን አስነበቧትና ድምፅዋን ቀዱ። ለመታሰቢያ ነው ተባለች። ቀጥሎም ልጄን አስጠርተው፣ በዕለቱ ከአትሮንሱ ፊት ቆማ ከንፈሯን ብቻ እንድታንቀሳቅስ፣ የቀረውን ድምፅ ማጉያው እንደሚጨርስላት አስረዷት። ልምምዱን የመሩት የቋንቋ መምህርቷ «አፍሽን ሰፋ አድርጊ፣ ከኋላ ያለው ሰው እንዲያይ» ይሏት እንደነበር ሰምቻለሁ። ለወላጆችሽም እንዳትነግሪ ተባለች፤ ለእኛ ድንገተኛ ደስታ እንዲሆንልን ታስቦ። ሌሎች ትምህርት ቤቶች ልጆች እንዲናገሩ ሲደክሙ፣ የእርስዎ ዝም ማለትን በመምህር፣ በልምምድና በሰዓት ድልድል ስለሚያስተምር ሊመሰገን ይገባዋል።

ሦስተኛ፤ ሦስተኛውን ጽፌው ነበር። ባለቤቴ አንብባው ለካህን የማይጻፍ ቃል አለበት ብላ አስወጣችው። እኔ ቃሉ ልክ ነው ብዬ አሁንም እከራከራለሁ፤ ቤቴ ሰላም ውሎ እንዲያድር ግን ወደ አራተኛው እናልፋለን።

አራተኛ፤ ስለ ዕለቱ። ባለቤቴና እኔ ያለንን ለብሰን፣ ደረታችንን ነፍተን ከፊተኞቹ ወንበሮች ባንዱ ተቀምጠናል። ልጄ ወጣች፤ አትሮንሱ ፊት ቆመች፤ አፏን ስትከፍት የሌላ ሰው ልጅ ድምፅ ወጣ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ምን ያለች አንደበተ ርቱዕ ልጅ ነው ያለችህ» አሉኝ። ባለቤቴ ክርኔን ጨምድዳ ይዛ «የማን ድምፅ ነው?» አለችኝ። ያቺ ልጅ የመጀመሪያ ቃሏን ስታወጣ አጠገቧ ነበርኩ፤ ያን ቃል ለማውጣት ምን ያህል እንደታገለችም አውቃለሁ። አሁን ፊቴ ቆማ ያለ ምንም ትግል ስትናገር ሳያት ልጄን የወሰዱብኝ መሰለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የተዋረድኩበት ሰዓት የለም፤ የተዋረድኩትም በእሷ ሳይሆን በእናንተ ነው።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ድምፅ ማጉያው ዐረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ቀጥ አለ፤ የልጄ ከንፈር ግን እንደ ልምምዱ ለጥቂት ጊዜ ባዶውን ተንቀሳቀሰ። ቤተ ክርስቲያኑን የሞላው ሰው ያን ጊዜ ነገሩ ገባው። ከኋላ አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ። አንገቷን ደፍታ መውረዷ ነው ብዬ ልቀበላት ስነሣ፣ እሷ ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ ንባቡ የቆመበትን ቦታ ፈለገች፤ አገኘችው፤ በራሷ ድምፅም ቀጠለች። አንድ ቃል ያዛት፣ አለፈችው፤ ሌላው ያዛት፣ እሱንም አለፈችው። ከፊቴ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ወደ ፊት ሰገግ አሉ፤ ጳጳሱም ዓይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም። የቀራት ጥቂት መስመር ነበር። አንድ አስቸጋሪ ቃል ላይ ደርሳ አፏን ከፍታ እየታገለች ሳለ፣ እርስዎ ቀኝ እጅዎን አነሡ፤ መዘምራኑም በሙሉ ጉሮሯቸው ገቡበት። ልጄ ቃሉን በመዝሙሩ መሃል አወጣችው፤ እኔ ከንፈሯን አይቼ አውቄያለሁ። የሰማት ግን ማንም የለም። መጽሐፉን ዘግታ ወረደች።

ያን ዕለት ጓደኛዋ እያለቀሰች ተከትላን ቤት ድረስ መጣች፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ነገር የሰማነው ከእሷ ነው። ልጄ ናት እሷን ያባበለቻት። በሳምንቱ ድምፅ ማጉያ አከራዩ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጥቶ፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ በመስታወቱ ውስጥ እንኳ ሊያየኝ አፍሮ «እኔ ምን ላድርግ ወንድሜ፤ የእሷ ማይክ ለማማር ብቻ ነው የቆመው፤ ገመድም አልነበረው» አለኝ። በእሱ አልፈረድኩም፤ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ፀጉሩን ግን እንደ ወትሮው አሳምሬ ቆርጬዋለሁ ብዬ ብምል ውሸት ይሆንብኛል።

አምስተኛ፤ የትምህርት ቤቱ መጽሔት ወጣ። ሥነ ሥርዓቱ «ያለ አንዳች እንከን» መጠናቀቁን ከመጀመሪያው ገጽ ተረዳን። ልጄን አስመልክቶም ፎቶግራፏ ከነመግለጫው ታትሟል፤ መግለጫው «በሚማርክ ድምፅ ስታነብ» ይላል። ፎቶግራፉን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። አፏ ተከፍቷል፣ የአንገቷ ሥር ተገትሯል፣ ከጀርባዋ መዘምራኑ ቆመው አፋቸውን በሰፊው ከፍተዋል፣ በስተቀኝ በኩል ደግሞ ከፍ ያለ እጅጌ ይታያል። በትምህርት ቤትዎ መጽሔት ታሪክ፣ መሃል ላይ ሳይቆሙ የተነሡት ፎቶ ይህ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ትሕትናዎን ሳላደንቅ አላልፍም።

ስድስተኛ፤ ወደ አሁኑ ጉዳይ እመጣለሁ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም ይህ ነው። የፊታችን እሑድ ምረቃ ነው። አንደኛ የወጣ ተማሪ በተመራቂዎች ስም የምስጋና ንግግር ያሰማል፤ ልጄ ደግሞ ይባስ ብላ አሁንም አንደኛ ወጥታለች። ባለፈው ሳምንት ምክትልዎ ደውለው ልጅቷን ለልምምድ እንድንልክ ጠየቁን። ልምምዱ የምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ምንም እንዳንሰጋ፣ ያለፈው ዓይነት ችግር ከእንግዲህ እንደማይደገም፣ ትምህርት ቤቱ ጄኔሬተር መግዛቱን በኩራት ገለጹልኝ። ክቡር አባ፣ ከስህተቱ የሚማር ሰው አከብራለሁ። ጓደኛዋ ግን ድምፄን አልሰጥም ብላ እንቢ ስላለች፣ የዘንድሮውን የተመራቂዎች ንግግር የመዘምራኑ መሪ እንደሚቀዱት ተነግሮኛል። እኒያ ሴትዮ ደግ ሰው ናቸው፤ ይሁን እንጂ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራቸው፣ ድምፃቸውም ወፈር ያለ እናት ናቸው። «እኛ ወጣቶች ነገን በተስፋ እንጠብቃለን» የሚለው ቃል በእሳቸው ጉሮሮ ከአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ አፍ ሲወጣ ሕዝቡ ምን ይሰማው ይሆን ብዬ እስካሁን እያሰብኩ ነው።

እንግዲህ ውሳኔያችንን ልንገርዎ፤ ውሳኔው የእኔ አይደለም፣ የልጄ ነው። እሑድ ንግግሯን ራሷ ታነባለች። ከንፈሯን ለማንም አታከራይም። በራሷ ድምፅ እንዳታነብ ከተከለከለች አትሮንሱ ፊት አትቆምም፤ ከጓደኞቿ መሃል ተቀምጣ እንደማንኛውም ተመራቂ ታጨበጭባለች፣ እርስዎም ባዶውን አትሮንስ ለጳጳሱ ያስረዳሉ። ንግግሯ አንድ ገጽ ነው። ሌላ ሰው ከሚያነብበት ጊዜ እጥፍ ሊወስድባት ይችላል፤ ስለ ጊዜው የሚጨነቁ ከሆነ የእርስዎን የመክፈቻ ንግግር እኩሌታ ብናስቀር፣ እሷ ጨርሳ፣ ተጨብጭቦላት፣ ለሁለት መዝሙር የሚበቃ ሰዓት ይተርፋል። መዘምራኑ እንዲዘምሩ እኛም እንወዳለን። እንዲዘምሩ የምንለምነው እሷ ወርዳ ከተቀመጠች በኋላ ነው። ልጄ ለዓመታት የተማረችበትን ቤት ማመስገን ትፈልጋለች፤ እኔ ምኑን እንደምታመሰግን አልገባኝም፣ እሷ ግን የሚመሰገን መምህር አይጠፋም ትላለች። ያንን ምስጋና ከአፏ እንዳትነጥቋት እንደ አባት እለምንዎታለሁ።

ስላሳዩት ትዕግሥት፣ በተለይም ስላላሳዩት፣ እጅ እየነሣሁ፣ ድንኳኑ የመረጡት ቀለም እንዲሆንልዎ፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳያልቅበት፣ ቀኝ እጅዎም እሑድ ከጉልበትዎ ላይ በሰላም እንዲያርፍ ከነቤተሰቤ እየተመኘሁ፣ የማይለወጥ አክብሮቴን በድጋሚ እገልጻለሁ።

አንደኛ የወጣችው ተማሪዎ አባት፣
ከበርዎ ፊት ለፊት

ማሳሰቢያ፤ ይህ ደብዳቤ ተጽፎ ካበቃ በኋላ፣ ምክትልዎ ነገሩን ሰምተው ነው መሰል፣ «የዓመቱ ምርጥ አንባቢ» የሚል የተቀረጸበት ዋንጫ ወደ ፀጉር ቤቴ ላኩልን። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰጠኋት። አገላብጣ አየችውና፣ ለድምፅ ማጉያው እንዲሰጥላት እንድጽፍልዎ ነገረችኝ። ይህን ተናግራ ለመጨረስ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። ፀጉር ቤቱ በደንበኛ ሞልቶ ነበር፣ አንዱ ደግሞ ፊቱ አረፋ እንደተቀባ ነበር፤ ሁሉም እስክትጨርስ ጠበቋት፣ የዘመረም አልነበረም።