የአባባ ኮሌታ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ኑሬ፣

የአሏህ ሰላም በአንተና በቤትህ ላይ ይሁን። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ? የእማዬስ ዓይን እንዴት ሆነ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።

ደብዳቤህን የሞያሌ ነጋዴዎች አደረሱልኝ። ሰው ለዒድ እንኳ ልብስ ማሰፋት ትቶ ሰልባጅ ስለሚገዛ፣ የአባባን የስፌት መኪና ሸጠህ እኔ ወዳለሁበት የልብስ ፋብሪካ ልትመጣ እንዳሰብህ አነበብሁ። እባክህ አትምጣ። ፋብሪካው የለም። አንድ ጠዋት ስንሄድ በሩ ተቆልፎ ጠበቀን፤ የስፌት መኪኖቹም ተጭነው ሄደዋል። አለቃችን የዓለም ንግድ ነፃ ስለሆነ የአሜሪካ ገዢዎች ከእኛ የረከሰ ሠራተኛ ሌላ አገር አግኝተዋል አለን። እኛም እኮ የተቀጠርነው ረክሰን ነበር! ከዚያ በታች ምን እንዳለ እንጃ።

ሥራውም ሙያ እንዳይመስልህ። አንዷ እጅጌ፣ አንዷ ኪስ፣ እኔ ኮሌታ ብቻ። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ሙሉ ሸሚዝ ሰፍቼ አላውቅም። በቀደም ለጎረቤቴ ልጅ ቀሚስ ልስፋ ብዬ እጅጌውን ገልብጬ ገጠምሁት። የልብስ ሰፊ ልጅ! አፈርሁ፤ አለቀስሁም።

አሁን ኢስትሊ ውስጥ ለአንድ ነጋዴ ሰልባጅ እመርጣለሁ፤ እዚህ ሚቱምባ ይሉታል። ባለፈው ሳምንት ከአሜሪካ የመጣ ቦንዳ ስንፈታ አንድ ሸሚዝ እጄ ላይ ቀረ። አባባ፣ አሏህ ጀነት ያግባውና፣ የኮሌታውን ጫፍ ሁለት ጊዜ መልሶ ይወጋ እንደነበር ታስታውሳለህ? እኔም አለቃው ክር አባከንሽ እያለ ሲጮህብኝ ያንን አልተውሁም ነበር። ኮሌታው የእኔ ነው። እኛ ሰፍተን የላክነውን እነሱ ለብሰው ሲጠግቡት መልሰው ልከውልናል፤ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ ብዙም በማይበልጥ ዋጋ ይሸጣል። አንተንም ከገበያ ያስወጣህ እንዲህ ያለው ነው። ታዲያ በምን አቅማችን እንወዳደረው?

እዚህ መምጣት ከድጡ ወደ ማጡ ነው። መኪናውን ግን አደራህን አትሽጠው። ኮሌታውን ፈትቼ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ለመኪናው ገዢ ሲመጣብህ በመጀመሪያ ጫፉን በጣትህ ዳብሰው።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ባለቤትህን መስቱራን እጅግ እንደናፈቀችኝ ንገራት፤ ወንድ ልጅህን አቡዘርንም እቀፍልኝ። የልጅህን የራጃን ጉንጭ ሳምልኝ፤ መርፌ መያዝ ጀምራ ከሆነ ሙሉ ልብስ አስተምራት። እንደ እኔ ኮሌታ ላይ እንዳትቀር።

እህትህ ዛራ
ኢስትሊ፣ ናይሮቢ
ሚያዝያ 12 ቀን 1997 ዓ.ም.