ተኚ አትበሉኝ

ማክሰኞ

«ተኚ!» ትለኛለች እማየ። ከሐሙሲት ልታርሰኝ ከመጣች ወዲህ ሌላ ቃል የጠፋባት ይመስለኛል። አልፈርድባትም። እስከ ትናንት ቀና ባልኩ ቁጥር ራሴ ሊፈነዳ ይደርስ ነበር፤ ጋደም ስል ይለቀኛል። በቀዶ ጥገና ስወልድ ለማደንዘዣ ጀርባዬን የወጉበት ቀዳዳ አልደፈን ብሎ የአከርካሪዬ ፈሳሽ እየወጣ ነው አሉ። ትናንት ከክንዴ ደም ቀድተው እዚያው ጀርባዬ ላይ ወጉልኝ። በገዛ ደሜ ተደፈንኩ! ወዲያው ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ባሌ ስማቸው አለቀሰ፣ እኔ ሳቅኩበት።

ዛሬ ግን ስተኛ ያመኛል። ከዓይኔ ጀርባ ይወጥረኛል። ለማንም አልተናገርኩም።

ረቡዕ

ጠያቂ ሲጎርፍ ዋለ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ!» ተቀምጬ ስቀበላቸው እማየ «ዳነችልኝ!» ትላለች ለገባው ሁሉ። እንዴት አድርጌ ልንገራት? ስቀመጥ ደህና ነኝ። ስተኛ ይመጣል፣ ሊያስመልሰኝ ይደርሳል። የፊተኛው ሕመም ተገልብጦ መጣ። ብናገር ያንን መርፌ ይደግሙኛል ብዬ ፈርቻለሁ፤ ጀርባዬ ገና ይጠዘጥዘኛል።

ልጄን ጋደም ብዬ ማጥባት አቃተኝ። ይኼ ነው ያናደደኝ።

ሐሙስ

ተያዝኩ። እማየ ትራሴን አውጥታ ልታስተኛኝ ስትል ጮህኩባት። እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም።

«ምነው ልጄ፣ ስትቀመጪ አልነበር እንዴ የሚያምሽ?»

አልቅሼ ነገርኳት፤ ዓይኔ እየደበዘዘ መሆኑንም ጭምር። ጠበል ትላለች ብዬ ስጠብቅ ስማቸውን «ባጃጅ ጥራ!» አለችው።

ሐኪሙ ዓይኔን በመብራት አየ፣ እግሬን አስነሣኝ። መርፌ አላነሣም፣ ተመስገን። ቀዳዳው ሲደፈን ግፊቱ ከልክ አለፈ፣ አንዳንድ ሰው ላይ ይሆናል፣ ብዙውን ጊዜም ይረግባል አለ። ኪኒን አዘዘልኝ። ትራስ ደራርበሽ ተደገፊ፣ ዓይንሽ ከባሰ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ነዪ አለኝ። ያቺ «ከባሰ» ሆዴ ውስጥ ቀረች።

እማየ አንገቷን ደፍታ ሐኪሙን «እኔው ተኚ ተኚ እያልሁ አባባስሁባት?» አለችው።

«አይ እናቴ፣ ያኔስ ልክ ነበሩ።»

ቅዳሜ

ኪኒኑ ጣቶቼን ይነዝረኛል፣ ሽንት ቤት ያመላልሰኛል። ራሴ ግን ቀለል ብሎኛል። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ከአልጋዬ አነበብኩ፤ ትንንሹን ጽሑፍ ሳይቀር። ለስማቸው ጮክ ብዬ ሳነብለት አበደች ብሎ ነበር።

እሑድ

እማየ ቅዳሴ ሄዳ ሳለ ትራሶቹን አውጥቼ አንዱ ላይ ጋደም አልኩ። ሕመሙን ጠበቅኩት። አልመጣም። ልጄን አቅፌ ጡቴን ሰጠሁት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም። እማየ ትከሻዬን ይዛ ስትንጠኝ ነቃሁ። ዝርግት ብዬ ብታየኝ የሞትኩ መስሏታል።

«እንቅልፍ ነው እኮ» አልኳት።

አልጋው ጠርዝ ላይ ዘፍ አለች። አሁን ነጠላዋን ሳታወልቅ ከልጁ ማዶ ታንኮራፋለች። ነገ ሐኪሙ ዓይኔን ደግሞ ያያል፤ ምን እንደሚል አላውቅም። ይህን የምጽፈው ግን በጎኔ ተኝቼ ነው።